አክሲዮኑ የማን ነው? ጡረታውስ?

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከተማ ስለ አክሲዮን ወሬ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ያተርፋል?» አይደለም። «የማን ነው?» የሚለው ነው። ባንኩ የእነማን ነው፣ ከጀርባው ያለው ማን ነው፣ የገዛው ሰው ከየትኛው ወገን ነው። ገንዘብ በዚህ አገር ብሔርም ፓርቲም ካበጀ ቆይቷል።

ዐማራ ባንክ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በሕይወታቸው አክሲዮን ገዝተው የማያውቁ መምህራን፣ ነጋዴዎችና የወረዳ ሠራተኞች ነበሩ። ጥሪቱን በከብትና በቆርቆሮ ቤት ብቻ ሲያስቀምጥ ለኖረ ሕዝብ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው የሒሳብ መዝገብ የማየት፣ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የመስጠት፣ «የትርፍ ድርሻዬ የት አለ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ግዢው የወገንተኝነት መግለጫ ከሆነ ግን ጠያቂው ወዲያው «የጠላት አፍ» ይባላል። የሌላ ወገን ነው የሚባል ባንክ ደግሞ ቢያተርፍም ባያተርፍም ይወገዛል። በሁለቱም መንገድ ሒሳቡን የሚያገላብጥ ሰው ይጠፋል።

የዚህ በሽታ ታላቅ ወንድም ጥረት ነው። ጥረት ኮርፖሬት በዐማራ ሕዝብ ስም የቆመ ነበር፤ የዳሸን ቢራ ፋብሪካን የመሰለ ሀብት በእጁ ነበር። በወረቀት ላይ የእስቴ ገበሬ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ነበር ማለት ነው! የአክሲዮን ሰርተፊኬት ግን አልነበረውም። ድምፅም፣ የትርፍ ድርሻም አልነበረውም። በጥር 2011 አቶ በረከት ስምዖንና አቶ ታደሰ ካሳ ከጥረት ሀብት ጋር በተያያዘ የሙስና ክስ ታሰሩ፤ በ2012 አቶ በረከት 6 ዓመት፣ አቶ ታደሰ 8 ዓመት ተፈረደባቸው። ያኔ የነበረውን ክርክር ያስታውሷል። አንዱ ወገን «የፖለቲካ በቀል ነው» አለ፤ ሌላው «ሲያንሳቸው ነው» አለ። የሕዝብ የተባለው ሀብት ከእንግዲህ ለሕዝቡ በምን መንገድ ሒሳብ እንደሚያቀርብ አጥብቆ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር።

ከዚያ ኢትዮ ቴሌኮም መጣ። ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ ከኩባንያው 10 በመቶው፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር በቴሌብር ለሽያጭ ቀረበ። ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች ወደ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተው ተገኙ፤ ገንዘቡ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። የመንግሥት ደጋፊ «ታሪካዊ ስኬት» አለ፤ ተቃዋሚው «ሕዝቡ እንዳላመነው አሳየ» ብሎ ተደሰተ። ሁለቱም ቁጥሩን እንደ ምርጫ ውጤት ነበር ያነበቡት። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ይህ በዚያን ጊዜ ለብዙ ጀማሪ መምህር ከአንድ ወር ደመወዝ ይበልጥ ነበር። በዚያ ላይ የዐማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ወዲህ በግጭት ውስጥ ነው፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ የቆየበት አካባቢ ነው። የታች ጋይንት መምህር ያልገዛው መንግሥትን ስላላመነ ነው ወይስ ብርም ኔትወርክም ስላልነበረው? ይህን ሳይለዩ በቁጥሩ መፎከር ቀልድ ነው።

እዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ ነገር ሳይነሣ ያልፋል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ መምህር፣ ነርስና የግብርና ባለሙያ አክሲዮን ገዛም አልገዛም በየወሩ የሚያስቀምጠው ገንዘብ አለ፤ እርሱም የጡረታ መዋጮው ነው። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። ከመቶ ብር አሥራ ስምንቱ ማለት ነው። ማንም «ትገዛለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም። ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ለመጀመሪያው አሥር ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብለታል፤ ድምሩ 61.25 በመቶ ይሆናል። የሚሰላው ግን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ዋጋ በየዓመቱ በሚዘልበት አገር የሦስት ዓመት አማካይ ማለት ገና ከመነሻው ወደ ኋላ የቀረ ጡረታ ማለት ነው።

ገንዘቡስ የት ይቀመጣል? ለረጅም ዘመን በአመዛኙ በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነበር። ሰነዱ በገበያ ዋጋ በጨረታ መሸጥ የጀመረው በታኅሣሥ 2012 ነው፤ ከዚያ በፊት ወለዱ ከ3 በመቶ የዘለለ አልነበረም። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ በሚጨምርበት ጊዜ በ3 በመቶ የተቀመጠ 100 ብር በዓመቱ መጨረሻ የሚገዛው የ90 ብር ያህል ዕቃ ነው። ከ2012 በኋላ ወለዱ ተሻሻለ፤ ግን በ2014 የዋጋ ግሽበቱ ራሱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። በሐምሌ 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የመድኃኒት ዋጋ የጠየቀ ጡረተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። ጡረተኛው የሚቀበለው ወርኃዊ ክፍያ በፈንዱ ትርፍ አይወሰንም፤ በሕግ ቀመር ይወሰናል። ስለዚህ «ፈንዱ ቢከስር ምን ቸገረው?» የሚል ይኖራል። በጣም ይቸግረዋል። ጡረታው ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲያድግ ማሻሻያ ሲጠየቅ መልሱ «ፈንዱ አይችልም» ይሆናል። ፈንዱ የማይችለው ለዓመታት ለመንግሥት በርካሽ ሲያበድር ስለኖረ ነው። በጉና ተራራ ሥር ለሠላሳ ዓመት የተማሪ ደብተር ሲያርም የኖረ ሰው ሳያውቀው የበጀት ጉድለት ሲደጉም ኖሯል ማለት ነው።

አሁን ሌላ በር ተከፍቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተመርቋል፤ የጡረታ ገንዘብ ወደዚያ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክርም እየመጣ ነው። ክርክሩ ከወዲሁ ሁለት ሰፈር አለው። አንዱ «የሠራተኛውን ላብ ቁማር ላይ ሊያውሉት ነው» ይላል፤ ሌላው የሚጠይቀውን ሁሉ «የልማት ጠላት» ይላል። በገበያው ላይ መጀመሪያ የተመዘገበው ባንክ ወጋገን ነው፤ ስሙ በብዙዎች አእምሮ ከትግራይ ጋር የተያያዘ ባንክ። ነገ ፈንዱ ከማንኛውም ባንክ አክሲዮን ቢገዛ የመጀመሪያው ጩኸት «ገንዘባችን ለእነ እገሌ ተሰጠ» እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ቴክሳስ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የመምህራን ጡረታን ጨምሮ የግዛቲቱ ፈንዶች ነዳጅ አምራቾችን ያገልላሉ ከተባሉ ኩባንያዎች እንዲወጡ አዘዘች። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ከተማ የመምህራን ጡረታ በተቃራኒው ከነዳጅ ኩባንያዎች ለመውጣት ወሰነ። ፖለቲካው እዚያም ጡረታ ውስጥ ገብቷል። ልዩነቱ በኒው ዮርኩ ፈንድ ቦርድ ላይ ሦስት መምህራን በመምህራን ድምፅ ተመርጠው መቀመጣቸው ነው። ውሳኔው ቢከፋቸው የሚጠይቁትን ሰው በስሙ ያውቁታል።

እዚህስ ሒሳቡን ማን ይንገረን? ይህ የምሁራን ሥራ ነበር። በታኅሣሥ 1985 ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ በሚያዝያ ወር ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። ከእነዚህ አንዱ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰሩ አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ በኋላ ታስረው፣ ታመው፣ በ1991 በባዕድ አገር ሞቱ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ረሃብ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ጉዳይ መሆኑን በጥናት ያሳዩ ሰው ናቸው፤ የሴፍቲኔት እርዳታ ለማይለያቸው ለስማዳና ለጋይንት ከዚህ የቀረበ ጥናት የለም። እርሳቸውም በተደጋጋሚ ታስረዋል። ከዚያ ትውልድ በኋላ የመጣው መምህር ትምህርቱን ወስዷል፤ ዝም ማለትን።

ዝምታው ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ አይደለም። ስለ ጡረታ ፈንድ አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ቢናገር ካድሬው «የጽንፈኛ ተላላኪ» ይለዋል። መንግሥት አንድ ነገር በትክክል ሠርቷል ቢል ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ «ሆድ አደር» ይባላል። በዚህ መሃል አንዳንድ ፕሮፌሰሮች ማስላቱን ትተው መፈክር ማሰማቱን መርጠዋል፤ ጭብጨባው ፈጣን ነውና። እነዚህ ደፋር ምሁራን አይደሉም፤ ዲግሪ ያላቸው ደጋፊዎች ናቸው። ደፋሩ ለየትኛውም ሰፈር የማይጥም ቁጥር ይዞ የሚወጣው ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህርም ቢሆን በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ስለ ራሱ ገንዘብ ለመናገር የማንም ፈቃድ ሊያስፈልገው አይገባም።

የሚጠየቀው ነገር ሩቅ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ገንዘቡ በየትኛው ሰነድ፣ በስንት ወለድ፣ ለስንት ዓመት እንደተቀመጠ በየዓመቱ በአማርኛ በአንድ ገጽ ያውጣ፤ ገጹ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ወደ አክሲዮን ገበያ ከመግባቱ በፊት ከአንድ ኩባንያ ስንት እጅ ሊገዛ እንደሚችል የሚወስን ደንብ ይውጣ፤ ውሳኔው ላይ በመዋጮ ከፋዮች ድምፅ የተመረጡ ሰዎች ይቀመጡ። የባንኩ ስም የማን ነው የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላም ይቀጥላል፤ ይቀጥል። የወገዳው መምህር ግን በዚያ ገጽ ላይ የራሱን ገንዘብ ፈልጎ ያገኘዋል።