ፍልሰት፣ ማንነትና ወገንነት ከባቲ ሲታዩ

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የወሎ ደጋ አብቅቶ የአፋር ቆላ በሚጀምርበት አፋፍ የምትገኝ ከተማ ናት። የምትተዳደረው በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሥር ነው። ሰኞ በሚውለው ገበያዋ ግመል የሚነዳው አፋር፣ ከብትና እህል የሚያቀርቡት ኦሮሞና አማራ ይገናኛሉ፤ ስሟም ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዐበይት ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ነው። በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ይኸው መንገድ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄዱ ወጣቶች መተላለፊያ ሆኗል። እንዲህ ያለው ሥፍራ ለፍልሰት ጥናት መረጃ የሚለቀምበት ጣቢያ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ንድፈ ሐሳቡንም ሊያርም ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። የፍልሰት ምሁራን ማንነትንና ወገንነትን የሚፈልጉት በአብዛኛው ሰው ከተነሣበት ወይም ከደረሰበት ቦታ ነው። ከባቲ ሲታይ ግን ወገንነት የሚጸናው በመቆጠር ነው፤ ማለትም ሰውየው በሌለበት ጊዜ ስሙን የሚያነሡ፣ ዕዳውን የሚቀበሉና ሐዘኑን የሚቀመጡ ሰዎች በመኖራቸው። ይህ ልዩነት የሚያስከትለው ነገር አለ። ማን "ተመላሽ"፣ ማን "ዲያስፖራ" እንደሚባል፣ የማን ጉዞ እንደሚጠና፣ የማንስ ሞት እንደሚመዘገብ የሚወስነው እርሱ ነው።

ምሁራኑ የደረሱበት

ማኅበራዊ ሳይንስ ለረጅም ጊዜ ሰውን እንደ ተክል ሲመለከት ኖሯል፤ ሥሩ በአገሩ ነው፣ ከተነቀለ ይጠወልጋል። ሊሳ ማልኪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህ የሥርና የአፈር ዘይቤ ስደተኛው ገና ከመነሻው እንደ ሕመምተኛ እንዲታይ ማድረጉን አሳየች። አንድሪያስ ዊመርና ኒና ግሊክ ሺለር እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች የአገርን ወሰን የማኅበረሰብ የተፈጥሮ ወሰን አድርገው መውሰዳቸውን "ዘዴያዊ ብሔርተኝነት" በሚል ስም ተቹ። ከእነዚህ ቀድሞ ፍሬድሪክ ባርት እ.ኤ.አ. በ1969 ባዘጋጀው የጥናቶች ስብስብ የብሔረሰብ ማንነት በመገናኛው ወሰን ላይ በየጊዜው የሚታደስ መሆኑን አስረድቷል፤ ከስብስቡ ምዕራፎች አንዱም ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የተጻፈ ነበር። የባቲ ገበያ ለባርት አሳብ ሕያው ምስክር ነው። አፋሩ በየሳምንቱ ከኦሮሞው ጋር ስለተገበያየ አፋርነቱን አልተወም።

ለባቲ ይበልጥ የሚቀርበው ግን አልጄሪያዊው አብደልማሌክ ሳያድ ነው። ሳያድ በፈረንሳይ ስለሚኖሩ አልጄሪያውያን ሲጽፍ መጤ የሚባለው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከአንድ ቤት የወጣ መሆኑን፣ ጥናቱ ግን የሰውየውን ታሪክ ከደረሰበት ቀን እንደሚጀምር አስታወሰ። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው መጽሐፉ ርእስ "ድርብ መቅረት" ማለት ነው፤ ፈላሹ ከወጣበትም ከገባበትም የጎደለ ነውና። ርእሱ ብርቱ ነው፤ ሆኖም በባቲና በአካባቢዋ ሲመዘን የሚጸናው ግማሹ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የውጭ ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ በ"ከፋላ" ሥርዓት ከአሠሪው ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ወደ ዜግነት የሚያደርሰውም መንገድ ዝግ ነው ማለት ስለሚቻል፣ ከገባበት መጉደሉ እውነት ነው። ከወጣበት ቤት መጉደሉ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚባል አይደለም።

መንቀሳቀስ አዲስ ያልሆነበት ሥፍራ

"የፍልሰት ቀውስ" የሚለው አነጋገር ከቀውሱ በፊት ሁሉም በየቀዬው ረግቶ ይኖር እንደነበር ያስመስላል። የባቲ ታሪክ ይህን አይደግፍም። ከተማይቱ ያደገችው የቆላው ጨውና ግመል ከደጋው እህል ጋር የሚለዋወጡባት በመሆኗ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የደሴና የአሰብ ጎዳና በእርሷ በኩል አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብን በር ሲዘጋም የጭነት መኪናው ጉዞ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የቀይ ባሕሩ መንገድ ራሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ አልነበረም። ባለፈው ክፍለ ዘመን የመናውያን ነጋዴዎች ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች መጥተው ይኖሩ ነበር፤ በአዲስ አበባ የከፈቷቸው የሰፈር ሱቆችም "አረብ ቤት" ይባሉ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ባቲ ከታላላቆቹ የተረጂዎች መጠለያዎች አንዷ ሆነች። በዚያው ዘመን መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አሠፈረ፤ ከሠፋሪዎቹ የሚበዙት የወሎ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ቆይተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰዋል። ይህ ሁሉ የተደረገው በአንድ አገር ወሰን ውስጥ በመሆኑ የዓለም አቀፍ ፍልሰት ጥናት ብዙም ቦታ አይሰጠውም። በአንድ የወሎ ቤተሰብ ግን አያት በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ልጅ ለቀን ሥራ ወደ አሰብ፣ የልጅ ልጅ ወደ ጂዳ ሄደው ሊሆን ይችላል። ተመራማሪው ይህን በሦስት መደርደሪያ ይከፋፍለዋል፤ ቤተሰቡ እንደ አንድ ታሪክ ይተርከዋል።

ሦስት ስሞች ለአንድ ድርጊት

በአማርኛ ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። ከዋሽንግተን ለበዓል የሚመጣው "ዲያስፖራ" ነው። ከሪያድ ተጠርዞ በአውሮፕላን የሚገባው "ተመላሽ" ነው። በጅቡቲ፣ በኦቦክ ዳርቻ ጀልባ የሚጠብቀው "ሕገ ወጥ ስደተኛ" ይባላል። ሦስቱም ቤታቸውን ለማገዝ ወይም ሕይወታቸውን ለማሻሻል የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስማቸውን የለያየው የሄዱበት አገርና የያዙት ወረቀት ነው።

ሕጉም ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ አገር ዜግነት ለያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ የመግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ የመሥራትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት የማፍራትን መብት ሰጥቷል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ወገንነት ከዜግነት ሊሰፋ እንደሚችል መንግሥት ራሱ ያመነበት ሰነድ ነው። የሚያስገርመው በሌላው ወገን ያለው ነው። ዜግነቱን ያልለወጠው የጉልበት ሠራተኛ በብዙ ጥናቶችና ዕቅዶች የሚነሣው በችግርነት ነው። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ። ወዲያውም ሳዑዲ ዓረቢያ ኢትዮጵያውያንን ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰዎች ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ የየብሱና የባሕሩ መንገድ አልተቋረጠም።

ዓለም አቀፉ ምሁራዊ ትኩረትም እንዲሁ ያዘነበለ ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ የመን የተሻገሩትን 138,000 ገደማ አድርጎ ሲቆጥር፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በዚያው ዓመት የሜዲትራኒያንን ባሕር ወደ አውሮፓ የተሻገሩት ግን 110,000 ገደማ ነበሩ። በስደተኛ ማንነት ላይ የሚቀርበው ንድፈ ሐሳብ ግን በአብዛኛው የሚቀዳው ከሁለተኛው ባሕር ነው።

ቅሬና ስልክ

በወሎ እድር "ቅሬ" ይባላል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚሰባሰብበት ቦታ ብዙ ነው። ቅሬ መቃብር ይቆፍራል፣ ለቅሶ ያስተናግዳል፣ የቀረውን ይቀጣል፤ ከቅሬ መገለል ከባድ ቅጣት ነው። አባልነቱ በቤተሰብ የሚቆጠር በመሆኑም በጂዳ ያለው ልጅ በቤቱ በኩል ይቆጠራል፤ ቤቱ ሲያዋጣ የእርሱም ገንዘብ ሊኖርበት ይችላል፤ ቤቱ ለለቅሶ ሲወጣ እርሱም እንደወጣ ይታሰባል። በሳያድ አገላለጽ የጎደለው ሰው እዚህ በሌሎች አካል ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ወገንነት ዋጋ ያስከፍላል። በየመን ፈላሾችን የሚያግቱ ቡድኖች ታጋቹን አስገድደው ወደ ቤተሰቡ እንደሚያስደውሉትና የማስለቀቂያ ገንዘብ እንደሚጠይቁ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ለአጋቹ ማንነት ማለት የስልክ ቁጥር ነው። ምሁሩ በመጠይቁ "ብሔር"፣ "ሃይማኖት"፣ "የትውልድ ቦታ" እያለ ሲሞላ አጋቹ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የማን ነህ? ከብቱ ሲሸጥ፣ መሬቱ ሲከራይ፣ ዘመድ ለዘመድ ሲበደር የሚገኘው መልስ ከማንኛውም የማንነት መለኪያ ይልቅ የጠራ ነው። ወገን ማለት ስልኩን የሚያነሣውና የሚሸጥ ነገር የሚፈልገው ነው።

የተቃውሞው ሚዛን

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው የዝምድና ትስስር በራሱ ጫና መሆኑ ነው። ልጅን ወደ መንገድ የሚገፋው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ቤተሰብ ነው፤ ገንዘብ ሳይዝ የተመለሰው ደግሞ በዚያው ሚዛን ቀልሎ ሊገኝ ይችላል። በተለይ በቤት ሠራተኝነት የሄዱ ሴቶች ላኪነታቸው እንጂ ድካማቸው ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ተቃውሞው እውነት ነው። ኒራ ዩቫል ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2006 ወገንነትን "ከወገንነት ፖለቲካ" የለየችውም ማን ይቆጠራል የሚለውን የሚወስን ኃይል ምንጊዜም ስላለ ነው። መቆጠር በጎ ነገር ነው የሚል አቋም እዚህ የለም፤ ሊጠና የሚገባው ነገር ይኸው ነው የሚል እንጂ።

ሁለተኛው መንግሥት ያለው ቦታ ነው። በ2006 ዓ.ም. ተመላሾቹን ወደ አገር ያስገባው ቅሬ አይደለም። በየመንና በሳዑዲ ድንበር የሚገደልን ሰው ቅሬ አይታደገውም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ የድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ቢያንስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ፈላሾችን መግደላቸውን አስታውቋል። እዚህ ላይ የዜግነት ጥበቃ ምትክ የለውም። ነገር ግን የሟቾቹ ቁጥር በ"መቶዎች" መነገሩ ራሱ ጉድለቱን ያሳያል፤ በመንግሥታት መዝገብ ያልተጻፈ ስም ዛሬ ያለው በየቤቱ ነው።

ለጥናቱ የሚበጀው

ከዚህ በመነሣት በየዩኒቨርሲቲው በፍልሰት ላይ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ሦስት ነገር ማመልከት ይቻላል። አንደኛ፣ የጥናቱ መነሻ አሃድ ከግለሰቡ ይልቅ ቤተሰቡ ቢሆን፣ የሰፈራው፣ የአሰቡና የጂዳው ጉዞ በአንድ ታሪክ ይታያል። ሁለተኛ፣ ስለ ተመላሽ ሲጠየቅ "ተቋቁሟል ወይ?" ከማለት በፊት ማን ዕዳውን እንደያዘለት፣ ማን እንደሚዳረው፣ ቅሬው እንዴት እንደሚቀበለው ቢጠየቅ፣ ብዙዎች ለምን ዳግም እንደሚሄዱ ይገለጣል። ጥያቄውም በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በአፋርኛ መቅረብ አለበት፤ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የተጠየቀ ማንነት ግማሹን ይደብቃልና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ሬሳ ያልመጣለት ሞት ነው። የቅሬ ግዴታ የሚጀምረው መቃብር በመቆፈር ነው። አስከሬኑ በባሕር ወይም በተራራ ላይ የቀረ ልጅ ቤተሰብ መቼ ለቅሶ ይቀመጣል? ሞቱን ማን ያረጋግጣል? ሚስት ከስንት ዓመት በኋላ እንደ መበለት ትቆጠራለች? የርስቱስ ነገር? እነዚህ ጥያቄዎች የሕግ፣ የሃይማኖት፣ የሥነ ሰብና የታሪክ ተመራማሪዎችን በአንድነት የሚጠሩ ናቸው። ወገንነት ምን እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ መፈተኛ አይገኝም፤ ሰውየው በሌለበት፣ ወረቀቱ በሌለበት፣ አካሉም በሌለበት ስሙን ለመቁጠር የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ የሚታየው በዚያ ነውና።