«ሴቭ አዝ» ብቻውን አያሻግርም

ጎበዝ፣ የቆየ የአማርኛ ፋይል ከፍቶ በአዲሱ የወርድ ፎርማት «ሴቭ አዝ» ማድረግ በቴክኒክ ቋንቋ ወደ ኤክስኤምኤል መቀየር ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወርድ ፋይል ማለት በዚፕ የታሸገ ኤክስኤምኤል ነውና። እኛ ግን ይህን መቀየር አንለውም። ምክንያቱም ውስጡ ያለው ጽሑፍ አማርኛ አይደለም።

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቢሮዎቻችን የጻፉት በፓወር ግእዝ፣ በቪዡዋል ግእዝ፣ በአጋፋሪ ነበር። እነዚህ ፎንቶች የኛን ፊደል የሣሉት በፈረንጅ ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ «ለ» እናያለን፤ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ መካነ ሰላም ላይ በ1990ዎቹ በፓወር ግእዝ የተተየበ የመሬት ክርክር ውሳኔ አለ እንበል። ዛሬ ልጅየው ይግባኝ ፈልጎ የአባቱን ስም ኮምፒውተር ላይ ቢፈልግ አያገኘውም። ስሙ የታተመው ወረቀት ላይ አለ፤ ፋይሉ ውስጥ የለም!

የትኛው ቃል አማርኛ፣ የትኛው እውነተኛ እንግሊዝኛ እንደሆነ የሚነግረን የፎንቱ ስም ብቻ ነው። አንዱ ቸኩሎ ሁሉንም መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ከቀየረው፣ ወይም ኖትፓድ ላይ ከገለበጠው፣ ያ ምልክት ጠፋ። ስለዚህ መጀመሪያ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። ከዚያ በፎንቱ ስም እየተለየ ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። ታግ መለጠፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ታጉስ በምን ቋንቋ ይሁን? የኤክስኤምኤል 1.0 ደንብ የታግ ስም በግእዝ ፊደል እንዲጻፍ የፈቀደው በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትሙ ነው። ከተፈቀደልን ‹ከሳሽ›፣ ‹ተከሳሽ›፣ ‹መዝገብ ቁጥር› ብለን እንጻፈው (ክፍት ቦታ ስለማይቀበል የመጨረሻውን አጣብቀን)። የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከፍታ ማንበብ አለባት። አንዳንድ ፕሮግራሞች እንደሚያኮርፉ እናውቃለን፤ ያኩርፉ።

ደግሞ እግረ መንገዳችሁን ፊደል አታርሙ። ከተማዋን ራሷን አንዱ «መካነ ሰላም»፣ ሌላው «መካነ ሠላም» ይላታል። የፍርድ ቤት ሰነድ እንደተጻፈው ይሻገር፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማግኘት የመፈለጊያው ሥራ ነው።

በነዚያ ፎንቶች ሲተይቡ የኖሩ ጸሐፊዎች ዛሬም በየወረዳው አሉ። የተቀየረውን ከወረቀቱ ጋር ለማመሳከር ከነሱ የተሻለ ዓይን ስለሌለ ቅጥሩ ከነሱ ይጀመር።