ስልኩን የያዘ ቤቱን ያሰማል



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከየሳሎናችን ጥግ የሚገኝ ነው። ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ የነበረው ቴፕ ቦታውን ለብሉቱዝ ስፒከር ለቅቋል። በካሴት እናደምጠው የነበረው የሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ ዛሬ ከጥፍር በማይበልጥ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ገብቷል። ቤቱን የሚያዘውም ስልክ ሆኗል።

ለውጡ መልካም ነው እንላለን። ነገር ግን ብዙ ያልታሰበበት አንድ ነገር አለ። ቴፑ ቁልፍ ነበረው፤ ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ የትኛውን ተጭነው ቁርኣን እንደሚከፍቱ በጣታቸው ያውቁት ነበር። አሁን ልጁ ስልኩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ የቤቱ ድምፅ አብሮት ይሄዳል። አያት ከዙህር በኋላ ሱረቱል ካህፍን ማድመጥ ቢያምራቸው ልጁ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ስፒከር የምትገዙ ቤተሰቦች ቀለሙንና መብራቱን ከማየታችሁ በፊት ፍላሽ የሚቀበል መሆኑንና ዳብሰው የሚለዩት ቁልፍ እንዳለው እዩ። ለአያት የሚሆን አንድ ፍላሽ ለብቻው ይሰናዳ። ሙሉው ቁርኣን በተርቲል ሲነበብ 30 ሰዓት ገደማ ቢፈጅም በተለመደው የድምፅ ጥራት ከ2 ጊጋባይት ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ሱራዎቹ ግን 001፣ 002 እየተባሉ ይቆጠሩ፤ ያለዚያ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ1 ቀጥለው 10ን፣ ከዚያም 100ን ያስነብባሉ።

ይህ የስልክ ጥገኝነት የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ድምፅ ማጫወቻን በስልክ በማዘዝ ስሙ የታወቀው የአሜሪካው ሶኖስ በ2016 ዓ.ም. የስልክ ፕሮግራሙን በአዲስ ሲተካ፣ ብዙ ደንበኞች በውድ ዋጋ የገዙትን ስፒከር እንደ ቀድሞው ማዘዝ አቅቷቸው ነበር። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅም በጥር 2017 ከቦታው ለቀቀ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ቁርኣን ሲነበብ ማድመጥና ዝም ማለት በሱረቱል አዕራፍ 204ኛ አንቀጽ የታዘዝነው ነው። በስልክ የሚሰማ ንባብ ግን በየመሐሉ ይቆረጣል፤ ስልክ ይደወላል፣ መልእክት ይገባል፣ ከኢንተርኔት የሚመጣ ከሆነም አንቀጹ ሳያልቅ ማስታወቂያ ጣልቃ ይገባል። ለዚህ ቀላል መላ አለ። ንባቡን አስቀድሞ ስልኩ ላይ መጫን፣ ከዚያ ስልኩን የአውሮፕላን ምልክት ባለው ቁልፍ ከኔትወርክ አውጥቶ ብሉቱዙን ብቻ መልሶ መክፈት ነው። ጥሪ አይገባም፤ ስፒከሩ ግን ይሠራል።

ብሉቱዝ እንደ ዋዛ 10 ሜትር ያህል ይደርሳል። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ በሚኖርባቸው የባሕር ዳር ሰፈሮች 10 ሜትር ማለት የጎረቤት መኝታ ቤት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ስፒከሮች የይለፍ ቁጥር ስለማይጠይቁ የጎረቤት ልጅ ስልክ ሊይዛቸው ይችላል፤ ቂርኣት የከፈተ ሰው ድንገት የሠርግ ዘፈን ቢሰማ አይደነቅ። ጠብ ከማንሣት በፊት የልጁን እናት ማነጋገር፣ ስፒከሩንም ሥራ ሲፈታ ማጥፋት ይበቃል።

ያረጀ ኮምፒውተር ያላችሁ አትጣሉት። ንባቡን፣ ትምህርቱንና መንዙማውን በፎልደር በፎልደር አድርጋችሁ ከስፒከር ጋር በሽቦ ብታገናኙት ለቤቱ ሁሉ ግምጃ ቤት ይሆናል። ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ በቤት ውስጥ ዋይፋይ በኩል ከስልክ ይታዘዛል፤ ዋይፋይ ማለት ደግሞ ኢንተርኔት ማለት አይደለም፤ የዋይፋይ ሣጥኑ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ስልኩና ኮምፒውተሩ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ይህ ልዩነት ዋጋ ነበረው። የሚያደምጠውን ሁሉ ከኢንተርኔት ይቀዳ የነበረ ቤት ዝም ሲል፣ ቤቱ ያስቀመጠ ግን ማድመጡን ቀጥሏል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን የአዛን ፕሮግራም ነው። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ጠብቆ በስፒከር አዛን ያሰማል፤ ቤተሰቡም አምኖ ይነሣል፣ በረመዳን ደግሞ አምኖ ያፈጥራል። ፕሮግራሙ ግን የሚያሰላው ለተሞላለት ከተማ ነው። ቦታ እንዲያውቅ ካልተፈቀደለት ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ተብሎ የተሞላው እንዳለ ይቀራል። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ከ1 ዲግሪ ከሩብ በላይ ወደ ምዕራብ በመራቋ ዙህር 5 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ይገባል። መግሪብ ደግሞ እንደ ወሩ ይለያያል። በታኅሣሥ ልዩነቱ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ በሰኔ ግን ወደ 10 ደቂቃ ይጠጋል፤ በየካቲትና በመጋቢት በሚውል ረመዳን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ጢስ ዓባይም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። እንግዲህ በአዲስ አበባ ሰዓት በተሞላ ስልክ ጢስ ዓባይ ላይ ተምር የሚያነሣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ጾሙን እየፈታ ነው። ቀኑን ሙሉ ተርቦ ተጠምቶ በ4 ደቂቃ!

ስለዚህ ዛሬውኑ ስልካችሁን ከፍታችሁ የተሞላውን ከተማ ተመልከቱ። የዐስር ሰዓትም በሐነፊና በሻፊዒ መዝሀብ የተለያየ ስለሆነ፣ የፈጅርና የዒሻም ስሌት ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ስለሚለይ፣ የሰፈራችሁን መስጊድ ኢማም ጠይቃችሁ አስተካክሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ እንደሆነም አረጋግጡ፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትንሿ ባትሪ ስትደክም ይህ ያጋጥማል።

የድምፁ መጠን ነገር ይቀረናል። የጢስ ዓባይ ሰው ስለ ትልቅ ድምፅ አይነገረውም፤ ያም ድምፅ እንኳ ዛሬ በመዝጊያ የሚታዘዝ ሆኗል፤ ውሃው ለኃይል ማመንጫዎች ሲመራ፣ በተለይም ጣና በለስ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ፏፏቴው የሚያገሣው በአብዛኛው በክረምት ነው። የኛ ስፒከር ግን በጋም ክረምትም አያውቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመስጊድ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰምተው፣ አንዱ ሌላውን በቂርኣቱ እንዳያውክ መከልከላቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በመስጊድ ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ ለሱሑር ብለን በሌሊት 10 ሰዓት የከፈትነው ስፒከር በግድግዳ ማዶ ያለውን ሕመምተኛና ሕፃን እንዴት ያደርገው ይሆን? በብዙ ስልኮች ላይ ድምፁ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል። ስፒከሩ የራሱ መጠን ስላለው ግን መጀመሪያ እርሱን አሳንሱ፤ ከዚያ ወጥታችሁ ከጎረቤት በር ላይ ቆማችሁ አድምጡ።