ለልጁ የቱ ጠመንጃ ይመቸዋል?

ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በአያት በኩል ነው። አባት ዝም ይላል፤ እናት ጭራሽ ባይነሣ ትወዳለች። አያት ግን የልጁን ትከሻ በዓይናቸው ለክተው፣ «ይኼ ልጅ እኮ ደረሰ፤ የትኛው ይሆነዋል?» ይላሉ። በጋምቤላ፣ ከተማው ውስጥም ሆነ በላሬና በጅካዎ የከብት በረት አካባቢ፣ መልሱ ዛሬ አንድ ዓይነት ነው፦ ክላሽ። «አይከብደውም፣ አይራገጥበትም፣ ቶሎ ይለምደዋል።»

እውነት ነው፤ ቶሎ ይለምደዋል። የኛም ጭንቀት እዚያው ላይ ነው።

አስቀድመን ጠመንጃ ለአዲስ ሰው ይመቻል ወይም አይመችም የሚባለው በምን እንደሆነ እንይ። አንደኛው ነገር ርዝመት ነው። ሰደፉን ክርን መታጠፊያ ላይ ሲያስጠጉት ጣት ሳይንጠራራ ቃታው ላይ መድረስ አለበት። ሰደፉ ከረዘመ ተኳሹ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይቆማል፤ ምቱም ትከሻው ላይ መሆኑ ቀርቶ ክንዱ ላይ ያርፋል። ሴቶችና ቁመታቸው አጠር ያለ ወንዶች «ይመታኛል» የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ የጉልበት ማነስ አይደለም። ሁለተኛው ክብደት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀላል ጠመንጃ ለጀማሪ ይሻላል ይባላል። ለመሸከም አዎ። ለመተኮስ ግን፣ አንድ ዓይነት ጥይት ከሚተኩሱ ሁለት ጠመንጃዎች ይበልጥ የሚራገጠው ቀላሉ ነው፤ ክብደት ምቱን ይውጠዋልና።

ሦስተኛው የጥይቱ ኃይል ነው። በሌላው ዓለም ኢላማ ተኩስ የሚማር ሰው የሚጀምረው በአየር ጠመንጃ ወይም «ሃያ ሁለት» በሚባለው ትንሽ ጥይት ነው። በኦሊምፒክ በ10 ሜትር ርቀት የሚወዳደሩበት የአየር ጠመንጃ እርሳስ ስፋቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሃያ ሁለቱ ጥይት እርሳስ 2.6 ግራም ያህል ሲመዝን የክላሹ 8 ግራም ይጠጋል። በትንሹ የሚጀመረው ለጀማሪው ታዝኖ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ተኩስ ያስደነገጠው ሰው ከዚያ ወዲያ ቃታ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሰበስባል፤ ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስወጣት ያስቸግራል። ድምፁም አለ። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ ጆሮ ሳይሸፈን አንድ ተኩስ እንኳ የመስማት ኃይልን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። (በወጣትነታቸው ብዙ የተኮሱ አዛውንት ዘንድ ጠጋ ብለን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የምናወራው ሁልጊዜ በእርጅናቸው ምክንያት አይደለም።)

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምርጫ ላለው ሰው ነው። ጋምቤላ ውስጥ የአየር ጠመንጃ ይዞ ልጁን የሚያስተምር አባት የለም። በየቤቱ ያለው ክላሽ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ሌላ ነበር።

ጋምቤላ ከጠመንጃ ጋር የተዋወቀችው ትናንት አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ቡናው በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ሲወርድ፣ ከደጋው ከጎሬ በኩል ደግሞ ጠመንጃ በዝሆን ጥርስ እየተለወጠ ወደ ቆላው ይወርድ ጀመር። የአኙዋ መኳንንት ታጠቁ። በ1904 ዓ.ም. እንግሊዞች አኙዋዎቹን ለማንበርከክ የሰደዱት የሱዳን ጦር በአክዌይ ዋ ቻም ከሚመራው ወገን ጋር ገጥሞ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ መኮንኖች ጭምር ሞቱበት።

የዚያን ዘመን ስመ ጥር ጠመንጃ ፈረንሳይ ሠራሹ ውጅግራ ነው። ርዝመቱ 1.30 ሜትር ይሆናል፤ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ያልፋል፤ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ እርሳሱ 25 ግራም ይመዝናል። የአሥር ዓመት ልጅ አጠገቡ ቢያቆመው ቁመቱን ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ሊያነጣጥር ቢሞክር አፈሙዙ ወደ መሬት ይወርድበታል፤ እንደምንም ቢተኩስ ራሱን በጀርባው ያገኘዋል። ከዚያ የመጣው ረጅሙ ምንሽርም ከ1.20 ሜትር የሚበልጥ፣ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር በእጅ መቀባበል ያለበት ነው። አያቶቻችን ልጅን ከጠመንጃ ለማራቅ ብዙ ምክር አላስፈለጋቸውም። ጠመንጃው ራሱ «ገና ነህ» ይለው ነበር።

ክላሽ «ገና ነህ» አይልም። ርዝመቱ 87 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይነቱ ይለያይ እንጂ ባዶውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። የጥይቱ ኃይል ከምንሽር ያነሰ ነው፤ ከፊሉን ኃይል ደግሞ ጠመንጃው ራሱን ለማቀባበል ይጠቀምበታል። ስለዚህ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ምት መጠነኛ ነው። ሩሲያዊው ሚካኤል ክላሽኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1947 ሠርቶ ያቀረበው ጠመንጃ በአጭር ጊዜ ሥልጠና ማንም ወታደር እንዲይዘው የታሰበ ነበር፤ ሐሳቡም ሰመረ። በዓለም ዙሪያ በልጅ ወታደሮች እጅ በየፎቶው የምናየው እሱ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ልብ አይለውም። የክላሽ መቆለፊያ ወደ ላይ ሲሆን ተቆልፏል። አንድ ደረጃ ዝቅ ሲያደርጉት የሚገኘው ነጠላ ተኩስ አይደለም፤ የሚያርከፈክፈው ነው። ነጠላው ከታች፣ መጨረሻው ላይ ነው። ይህ ለወታደር ሊጠቅም ይችላል። በድንጋጤ መቆለፊያውን ገፋ ያደረገ ጀማሪ ግን አንድ ጥይት ተኩሼ ልየው ሲል ካዝናው ውስጥ ካሉት ሠላሳ ጥይቶች ብዙዎቹ ይወጡበታል። አፈሙዙም እየተኮሰ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሸሻል። መጀመሪያ ያነጣጠረው ዛፍ ላይ ቢሆን መጨረሻው የት እንደሚያርፍ እሱም አያውቅ።

በዚህ ነገር ኑዌሮች ከኛ ቀድመው ተከራክረውበታል። ሻሮን ሃቺንሰን የተባለች አሜሪካዊት የኅብረተሰብ አጥኚ፣ በደቡብ ሱዳን ከኑዌሮች ጋር ኖራ ባሳተመችው መጽሐፍ የሽማግሌዎችን ሙግት ጽፋለች። በጦር የተገደለ ሰው የገዳዩ ክንድ ያረፈበት ነው፤ ጦሩ የሚሄደው በወርዋሪው ጉልበት ነውና ደሙም በግልጽ በእጁ ነው። የጥይት ኃይል ግን ያለው ጠመንጃው ውስጥ ነው። ታዲያ በጥይት የገደለ ሰው እንደ ባለ ጦሩ በደም ረክሷል? ይንጻ ወይስ አይንጻ? ለኔ እንደሚመስለኝ ከማንኛውም የጦር መሣሪያ መመሪያ ይልቅ ይህ ክርክር ለወላጅ ይጠቅማል። ጦር ለመወርወር የሚበቃ ክንድ እስኪያወጣ ድረስ ልጁ ዓመታት ይፈጁበታል፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ልቡም አብሮ ይበስላል። ቃታ ለመሳብ ግን የልጅ ጣት ይበቃል።

«ይህን ሁሉ የምትሉት ሰላም አገር ተቀምጣችሁ ነው» የሚል አባት ይኖራል፤ እውነት አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጅካዎና በላሬ አካባቢ ያሉ የኑዌር መንደሮችን ወርረው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ይዘው ሄዱ፣ ከብቱን ነዱ። ልጁ ከእጁ የተነጠቀበትን አባት «ጠመንጃ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እኛም አንጠይቀውም። የምንለው፣ ቤት የሚጠብቀው ጠመንጃ በአባት እጅ እንጂ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጅ አይሁን ነው። ሌሊት ሲተኮስ የነቃ ልጅ ጠመንጃ ቢይዝ መጀመሪያ የሚመታው በበሩ የገባውን ሰው ነው፤ በበሩ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ አጎቱ ነው።

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ፈቃዱም ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሚሰጥ አይደለም። «በኔ ፈቃድ ይያዘው» የሚባል ነገር የለም። ልጁን ለአደን ይዞ የሚወጣም አለና፣ በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የሚንጋጋው ነጭ ጆሮ ቆርኬ የማንም የኢላማ መማሪያ አይደለም፤ የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል።

ታዲያ ልጁ የእውነት አድጎ፣ ሕጋዊ ፈቃድ አግኝቶ ወይም ሚሊሻ ሆኖ የመጀመሪያ መሣሪያውን ሲይዝ? ያኔ ክላሹን ራሱን ወደ ማስተማሪያ ጠመንጃ መለወጥ ይቻላል። ለቀናት ባዶውን ይያዘው፤ ሰደፉን ትከሻ ሥር በደንብ አስጠግቶ፣ ተኝቶ፣ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ። ወደ ተኩስ ሲሄዱ ካዝናው ውስጥ የሚገባው አንድ ጥይት ብቻ ይሁን። አንድ ጥይት ያለው ክላሽ እንደ ውጅግራ ነው፤ ቢያርከፈክፍም የሚያርከፈክፈው የለውም። መቆለፊያው እስከ መጨረሻው ይውረድ። ከኋላው የአፈር ጉብታ ያለው ቦታ ይመረጥ እንጂ ወደ ሣር ሜዳ አይተኮስ፤ ያቺ ትንሿ ሃያ ሁለት እንኳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ጆሮ ይሸፈን፤ ሌላ ቢጠፋ ጥጥም ቢሆን ከምንም ይሻላል። አሥር ጥይት ለአንድ ቀን ይበቃል። አስተማሪው ደግሞ ለቀልድ ብሎ፣ ሳይነግረው ከጎኑ እንዳይተኩስበት! እንዲህ የሚያደርግ ጎልማሳ ስንት አይተናል፤ ተኳሽን ዕድሜ ልኩን ዓይኑን የሚያስጨፍነው ይኸው ነው።

ላልደረሰው ልጅ አያት የሚያወርሱት ነገር አላጡም። ባሮና አልዌሮ ዳር ዓሣ በጦር የሚወጋ ልጅ ከማንም በላይ ኢላማ ይማራል። ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ካለበት ቦታ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ዓይን ካየው ዝቅ አድርጎ መውጋት ግድ ነው። ይህን የሚያውቅ እጅ ትዕግሥትንም፣ ርቀት መገመትንም ይዟል። ለኑዌር ልጅ ጉልምስና ድሮ ግንባር ላይ በሚቀረጹት ስድስት መስመሮች ይታወቅ ነበር። ያ ልማድ በብዙ ቦታ እየቀረ ነው፤ ባዶውን ቦታ ክላሽ እንዳይሞላው የሚያስቡ አያቶች ሌላ ነገር ይፈልጉለት። ወይፈን መስጠት አንድ መንገድ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲጨርስ ዘመድ ሰብስቦ መመረቅም ሌላ።

ከሁሉ የሚቀርበው ግን ቤት ውስጥ ያለው ጠመንጃ ነው። ጣሪያ ሥር መሸጎጥ፣ ከአልጋ ሥር መክተት ማስቀመጥ አይባልም፤ እናት ስኳር የምትደብቅበትን የሚያውቅ ልጅ ጠመንጃውንም ያውቀዋል። ጥይቱና ጠመንጃው ተለያይተው፣ ሁለቱም ተቆልፈው ይቀመጡ። ሳጥን ከሌለ ሰንሰለት በቃታው ቀለበት ውስጥ አልፎ ከምሰሶ ጋር ይቆለፍ፤ ቁልፉ አንገት ላይ ይንጠልጠል።

ባዶ ማድረጉም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ቀጥሎ ማቀባበያው እስከ መጨረሻው ይሳባል፤ ከዚያ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። ካዝናው ሳይወጣ ከተቀባበለ አንደኛው ጥይት ወጥቶ ሌላው ይጎርሳል፤ ሰውየው ግን ባዶ አደረግሁ ብሎ ይተኛል። በክላሽ ላይ ደግሞ መቆለፊያው ሳይወርድ እስከ መጨረሻ አይቀባበልም። ስለዚህ ባዶ በሚደረግበት ሰዓት ጠመንጃው ያልተቆለፈ ነው፤ ከቤት ውጭ፣ አፈሙዙን ወደ አፈር አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። የሣር ቤት ግድግዳም፣ ቆርቆሮም ጥይት አያቆምም።

ክረምት ሲመጣ የከተማ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አያት ቤት ይሄዳሉ። እናቶች የወባ አጎበር አለ ወይ፣ ውኃው ተፈልቶ ይጠጣል ወይ ብለው አስቀድመው በስልክ ይጠይቃሉ። በዚያው ስልክ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «አባባ፣ ጠመንጃው የት ነው ያለው? ጥይቱስ?» አባባ ምናልባት ይቆጣሉ። «እኔ ልጅ አሳድጌ የማላውቅ መሰለሽ?» ይሉ ይሆናል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ተነሥተው ሄደው ያዩታል።