የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥልጠና ከአካል ደኅንነት ባሻገር

የአዲስ አበባ ደቡባዊ መግቢያ የሆነው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከቀድሞው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ምድር ባቡር ዘመን ጀምሮ የኢንዱስትሪ መንደር ሆኖ የቆየ አካባቢ ነው። የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች፣ ሰፋፊ መጋዘኖች፣ የቃሊቲ ጉምሩክ፣ ለመድኃኒት አምራቾች የታሰበው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ማረሚያ ቤቶች በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድም ሆነ ወደ ቢሾፍቱ የሚያልፈው ነባሩ አውራ ጎዳና ቀንና ሌሊት ከባድ ተሽከርካሪዎችን ያስተናግዳሉ። በክረምት ደግሞ የአቃቂ ወንዞች ሞልተው ዳርቻቸውን የሚጥሱበት ጊዜ አለ።

እነዚህ ሁሉ ለአገር ኢኮኖሚ ጠቃሚ የመሆናቸውን ያህል የአደጋ ምንጭም ናቸው። አደጋው በደረሰ ጊዜ በ939 የስልክ ጥሪ ተነሥተው የሚደርሱት የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች ናቸው። ተግባራቸውም እሳት በማጥፋት ብቻ አይወሰንም። በትራፊክ አደጋ ከተጨፈለቀ ተሽከርካሪ ሰው ማውጣት፣ በጎርፍ የተወሰደን መፈለግ፣ ከጉድጓድና ከኩሬ አስከሬን ማንሣት፣ ቁስለኛን በአምቡላንስ ወደ ሕክምና ማድረስ የዕለት ሥራቸው አካል ነው።

ስለዚህ ሠራተኞች ደኅንነት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የራስ ቁር፣ ጓንት፣ የመተንፈሻ መሣሪያና ተሽከርካሪ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ከአደጋው ስፍራ ምንም ጭረት ሳይነካው ተመልሶም ቢሆን ጉዳት ይዞ ሊመጣ እንደሚችል የሚዘነጋበት ጊዜ ብዙ ነው። የደኅንነት ሥልጠና የአእምሮ ጤናን ካላካተተ ግማሹን ሥራ ሳይሠራ እንደቀረ መቆጠር ይኖርበታል።

ያለፉት ዓመታት ክስተቶች ለዚህ በቂ ማስረጃ ናቸው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ቃጠሎ በደረሰበት ጊዜ፣ መንግሥት በወቅቱ ባወጣው መግለጫ መሠረት 23 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በተለምዶ ቆሼ ተብሎ በሚጠራው ስፍራ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አስከሬን የማውጣቱ ሥራ ለቀናት ቀጥሏል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ደግሞ የብዙዎችን ንብረት አውድሟል። እንዲህ ያለ ከባድ አደጋ ሲደርስ ከየክፍለ ከተማው ቅርንጫፍ ኃይል ስለሚሰባሰብ የአንዱ አካባቢ መከራ የሁሉም ቅርንጫፍ ሠራተኞች ትዝታ ይሆናል።

ጉዳዩ በግምት ላይ የቆመ አይደለም። በወቅቱ በነበረው የከተማዋ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መከላከልና መቆጣጠር መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያካሄዱት ጥናት በ2010 ዓ.ም. ቢኤምጄ ኦፕን በተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በጥናቱ ከተካተቱት ሠራተኞች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች ታይተውበታል። አሥር ሠራተኞች በአንድ ተሽከርካሪ ተሳፍረው ወደ አደጋ ስፍራ ሲሄዱ፣ በዚህ ስሌት ሁለቱ ማንም ያላየውን ጉዳት ተሸክመው ይጓዛሉ ማለት ነው።

የዚህ ሕመም ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ያለፈው አደጋ በሕልምም ሆነ በእውን ተመልሶ ይመጣል። እንቅልፍ ይጠፋል። አደጋውን ከሚያስታውስ ስፍራና ወሬ መሸሽ ይከተላል። ጥቂት ድምፅ ያስደነግጣል፣ ጥቂት ነገር ያስቆጣል። አንዳንዱ በመጠጥ ለመርሳት ይሞክራል። እነዚህ ምልክቶች በቢሮ ሠራተኛ ላይ ቢታዩ የሥራ ውጤት ይቀንሳሉ። በእሳት አደጋ ሠራተኛ ላይ ሲታዩ ግን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ሳይተኛ ያደረ ሾፌር ውኃ የተሞላ ቦቴ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ያሽከረክራል። ሐሳቡ የተበተነ ሠራተኛ ጭስ በሞላው መጋዘን ውስጥ የባልደረባውን ምልክት ሳያይ ያልፋል። ስለሆነም የአእምሮ ጤና ከሥራ ደኅንነት ተነጥሎ የሚታይ የበጎ አድራጎት ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

በአካል ጤና ረገድም ቢሆን የማይታየው ጉዳት ከሚታየው የማይተናነስ መሆኑ ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪ ከሆኑ የሥራ ዓይነቶች ተርታ መድቦታል። ፕላስቲክ፣ ስፖንጅና ሰው ሠራሽ ጨርቅ በሚቃጠልበት ጊዜ መርዛማ ጋዞች ይወጣሉ። ጥቀርሻውም በልብስና በቆዳ ላይ ተጣብቆ ከሠራተኛው ጋር ወደ ጣቢያውና ወደ ቤቱ ይሄዳል። የፋብሪካና የመጋዘን ብዛት ባለበት በአቃቂ ቃሊቲ ይህ ሥጋት በይበልጥ የሚታይ ነው። እሳቱ ከጠፋም በኋላ ፍርስራሹ እስኪበርድ ድረስ የመተንፈሻ መሣሪያን አለማውለቅ፣ ልብስን ከአደጋው ስፍራ ሳይርቁ ማጠብ፣ የቆሸሸውን ትጥቅ ከማረፊያ ክፍል ማራቅ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ሥልጠናና ቁጥጥር ግን የሚሹ ልማዶች ናቸው።

የጭሱም ሆነ የትዝታው ጉዳት በአንድ ቀን አይገለጥም። ሁለቱም በጊዜ ብዛት ይከማቻሉ፤ ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው ይቀንሳሉ። የኒው ዮርክ ከተማ ተሞክሮ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በደረሰው ጥቃት 343 የከተማዋ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አባላት በአንድ ቀን ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከስፍራው ጋር በተያያዘ ሕመም የሞቱት ቁጥር ደግሞ ከዚህ አልፏል።

ሥልጠናው ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ጀምሮ በብዙ አገሮች የተለመደው አሠራር ከከባድ አደጋ በኋላ ሠራተኞችን በአንድነት ሰብስቦ ያዩትን ሁሉ በአንድ ስብሰባ እንዲናገሩ ማድረግ ነበር። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ጥናቶች ዘላቂ ጥቅም አላገኙበትም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ በቅርቡ አሰቃቂ ክስተት ለገጠማቸው ሰዎች ይህን ዘዴ እንዳይጠቀሙበት መክሯል። በምትኩ የሚመከረው ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው መመሪያ ተግባሩን በሦስት ቃላት ያጠቃልለዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። የተጎዳው እንዲናገር አይገደድም። ደኅንነቱ ይጠበቃል፣ ሲናገር ይደመጣል፣ ተጨማሪ ዕርዳታ ካስፈለገው ከባለሙያ ጋር ይገናኛል።

ይህ አካሄድ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ሐዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን እንዳይቀመጥ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት አብሮ ያመሻል፣ ማንም ግን ሐዘንተኛውን ተናገር ብሎ አያስጨንቀውም። የማያውቀውን ሰው ልጅ አስከሬን ከፍርስራሽ ያወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ለቅሶ ደራሽ የለውም። ልብሱን ቀይሮ ቀጣዩን ጥሪ ይጠብቃል። ሥልጠናው ሊሞላው የሚገባው ክፍተት ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ ከፍተኛው ድርሻ የፈረቃ ኃላፊዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2022 ያወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ኃላፊዎች የበታቾቻቸውን ችግር እንዲለዩና እንዲደግፉ የሚያስችል ሥልጠና እንዲሰጣቸው ያሳስባል። ከሠራተኛው ጋር የሚውለውና የሚያድረው፣ የጠባዩንም ለውጥ ቀድሞ የሚያየው የፈረቃ ኃላፊው ነው። አንድ ኃላፊ ከአስከሬን ማውጣት ሥራ በኋላ ተራ የሚቀይር፣ ዕረፍት የሚያስከብር፣ ከሳምንታት በኋላም እንቅልፍህ እንዴት ነው ብሎ በግል የሚጠይቅ ከሆነ ከብዙ ሴሚናር የበለጠ ይሠራል። ሠራተኛው ዕርዳታ በመጠየቁ ከዕድገት ወይም ከተሽከርካሪ መሪ እንደማይነሣ ካላመነ ግን ዝምታን ይመርጣል። የምክር አገልግሎቱ ምስጢራዊነት በግልጽ የአሠራር ደንብ መደገፍ ያለበትም ለዚህ ነው።

የሕግ መሠረቱ አለ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ክፍተት የሚታየው በዝርዝሩ ላይ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ያሉ የእሳት መከላከያ ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን የሚተረጉመው በፊዚካል፣ በኬሚካል ወይም በባዮሎጂካል ነገሮች ከሚደርስ የጤና መታወክ ጋር አያይዞ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጭንቀት አካቷል። የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ በሌላ ሕግ የሚታይ ቢሆንም፣ መመሪያ የሚያዘጋጁ አካላት ይህን ልዩነት ሊያጤኑት ይገባል። እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ የሕክምና ፈቃድ ለማግኘት አይቸገርም፤ አእምሮው የታወከው ግን በቅድሚያ ሕመም እንዳለበት ማሳመን ይጠበቅበታል።

የበጀትና የሰው ኃይል እጥረት በዚህ ሥራ ላይ መነሣቱ አይቀርም። የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ከአገሪቱ ፍላጎት ጋር የማይመጣጠን ሲሆን፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ከመላ አገሪቱ የሚመጡ ሕሙማንን ያስተናግዳል። ይሁንና ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሐኪም መመደብ አያስፈልግም። የፈረቃ ኃላፊዎችን ማሠልጠን፣ ከየቅርንጫፉ አንድና ሁለት ሠራተኞችን በሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ ዕርዳታ ማብቃት፣ በዓመታዊው የጤና ምርመራ ላይ የአእምሮ ጤና ጥያቄዎችን መጨመር፣ በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ጋር የታወቀ የቅብብሎሽ መስመር መዘርጋት አሁን ባለው አቅም ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎችም የራሳቸውን የእሳት መከላከያ ቡድኖች በዚሁ ሥልጠና ቢያሳትፉ አደጋ ሲደርስ ከኮሚሽኑ ሠራተኞች ጋር በአንድ ቋንቋ ይግባባሉ።

ልምድ ያለው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ሥልጠና የሚተካ አይደለም። የአቃቂን መጋዘኖች በር፣ የውኃ መቅጃውን ስፍራ፣ የትኛው ፋብሪካ ምን እንደሚያከማች የሚያውቀው በዓመታት አገልግሎት ነው። ይህ ሰው በዝምታ ሥራውን ሲለቅ ወይም በሕመም ሲወድቅ መሥሪያ ቤቱ የሚያጣው ዕውቀት በመሣሪያ ግዥ አይመለስም። በመሆኑም የዓመት ዕቅድና በጀት በሚዘጋጅበት ጊዜ ከቦቴውና ከመሰላሉ ጎን ለጎን የሠራተኛው የአእምሮ ጤና ሥልጠና የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። በ939 ደውሎ ዕርዳታ የሚጠብቀው ነዋሪ ሕይወቱን የሚጥለው በዚያ ሠራተኛ ላይ ነውና።