«ዝቅተኛ ማርሽ» ብሎ የጻፈ ዓባይ በረሃን አያውቀውም

ከደጀን ተነስቶ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጭነት ይዞ ፍሬን እየረገጠ ብቻ የሚወርድ ሾፌር መጀመሪያ የሚቃጠል ሸራ ይሸተዋል። ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልስበታል። ከዚያ በኋላ ፍሬን የለውም። ስለዚህ የሚያውቅ ሾፌር ገና ከአፋፉ ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ መኪናውን ሞተሩ ይይዝለታል። ከባድ ማርሽ ማለት አንደኛና ሁለተኛ ነው። ዲማም ጠይቁ፣ ቢቸናም ጠይቁ፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያም ጠይቁ፤ ይህን የማያውቅ ረዳት እንኳ አታገኙም።

በቅርቡ እጄ የገባ የተተረጎመ የአሽከርካሪዎች መማሪያ ግን ምን ይላል? «ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ይጠቀሙ።»

ዝቅተኛ ምኑ? ቁጥሩ? ፍጥነቱ? ጉልበቱ? እንግሊዝኛው ቁጥሩን አይቶ ዝቅ ያለ አለው፤ የኛ ሾፌር ጉልበቱን አይቶ ከባድ አለው። ገና መንጃ ፈቃድ ያላወጣ ልጅ «ዝቅተኛ»ን ደካማ፣ ቀላል ብሎ ቢረዳው ምን ይፈረድበታል? ቀላል ማርሽ ደግሞ በሾፌር አፍ አራተኛና አምስተኛ ነው። ተቃራኒው! ልጁ መጽሐፉን አምኖ ገደል ይገባል። ተርጓሚው ግን ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል።

ይህን ስናገር የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቃሉ ትክክል ነው፤ መዝገበ ቃላት ተመልከት።» መዝገበ ቃላቱ ምን ያድርግ! የቃሉን ፍቺ ይነግራችኋል እንጂ መኪናው ምን ላይ እንደቆመ አይነግራችሁም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። የማርሽ ትርጉም የሚገኘው ማርሹ ያለበት ቦታ ነው።

የፍሬን ዘይትን እንይ። በልማድ ዘይት እንለዋለን እንጂ እንደ ሞተር ዘይት ያለ ዘይት አይደለም። መካኒኩ ይህን ስለሚያውቅ «ዘይት» ቢል አይሳሳትም። መመሪያውን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ባለመኪናስ? «ሲጎድል ዘይት ይጨምሩ» ተብሎ ተጽፎለታል። የትኛውን ዘይት? የሞተር ዘይት ከጨመረ በፍሬኑ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች፣ እነዚያ ትናንሽ ላስቲኮች፣ ያብጣሉ፤ ፍሬኑ ይይዛል ወይም ጨርሶ ይከዳል። ትክክለኛውን ቢያገኝም ነገሩ አላለቀም። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ አቅሙ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። «በየጊዜው ይቀየር» የተባለው ለዚህ ነው። ተርጓሚው «ይታይ» ብሎ ካለፈው ባለመኪናው ክዳኑን ከፍቶ ያየዋል፣ ሙሉ ነው፣ ይዘጋዋል። ከዚያ ዓባይን ይወርዳል።

የባሰው ገና እየመጣ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 አሳወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ጎረፈ፤ ብዙው ከቻይና ነው። የቻይንኛው መመሪያ በስልክ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይገለበጥና «ባትሪውን ይንቀሉ» የሚል ትእዛዝ ይወጣዋል። የትኛውን ባትሪ? መኪናው ሁለት አለው። አንዱ የምናውቀው ባለ 12 ቮልት ነው። ሌላው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የተሸከመ፣ ብርቱካናማ ገመድ የተዘረጋበት፣ ከተነቀለ በኋላ እንኳ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ደቂቃዎች የሚያስጠብቅ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ዕቃ። አንዱን በባዶ እጅ ትፈታዋለህ፣ ሌላው ይገድልሃል። የሚሞተው ማነው? ተርጓሚው? አሳታሚው? የጋራዡ ልጅ ነው!

አሁን ወደ ግብዞቹ ልምጣ። አንደኛው ወገን «ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ የወራሪ ቋንቋ ነው፤ ከግእዝ አዲስ ቃል እናውጣ» ይላል። ይህን የሚለው ቢሮው ውስጥ፣ ስለ ፕሮጀክት በሚያወራበት አፉ ነው። ጣሊያን ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆነ። ካንዴላ ሲባል የማይገባው መካኒክ አለ? የለም። ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ አንድ ዕቃ ነው፤ አያምታታም። ከቃል የሚፈለገው ከዚህ በላይ ምንድነው? ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እንግሊዝኛውን እንዳለ እንተወው» ይላል። ለማን ነው የምትተዉት? ሥራውን ከልጅነቱ በእጁ ለተማረው ሰው? ያደናገረን «ዝቅተኛ»ስ ከእንግሊዝኛው የመጣ አይደለም? ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ እጁ ግራሶ የነካውን ሰው አይጠይቁም።

ይህን የምጽፈው ከዲማ ነው። ከዲማ ጊዮርጊስ አገር። እዚህ የትርጓሜ መምህር አንድን ቃል በመጀመሪያ ፍቺው አምኖ አያልፈውም። «አንድም» ይላል። ማን ተናገረው፣ ለማን ተናገረው፣ በፊቱ ምን አለ፣ በኋላው ምን ይከተላል ብሎ ይመረምራል። ተማሪው ለዚህ ዓመታት ይከፍላል። በዚህ ባህል ደረታችንን የምንነፋ ሰዎች የፍሬን መመሪያ በአንድ ሌሊት ገልብጠን ስናሳትም አናፍርም? ቅኔ ሁለት ትርጉም ቢይዝ ውበት ነው። የፍሬን መመሪያ ሁለት ትርጉም ከያዘ ሬሳ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «አንድም» ብሎ ትርጉሞቹን ሁሉ ይዘርዝር፤ ከዚያ ከመኪናው ሥር ገብቶ አንዱን ይምረጥ።

በ1989 ዓ.ም. የታተመውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁትን አከብራለሁ፤ ብዙ ደክመዋል። ግን እነዚህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ያኔ አገራችን አልገቡም ነበር። በሙታንና በጡረተኞች ድካም ተከልሎ ዛሬ መተኛት ውለታ መክፈል አይደለም።

እናንተስ አንባቢዎች? እንዲህ ያለ መመሪያ አንብባችሁ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ብላችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ ዝም አላችሁ። የተማረ ሰው ጻፈው ብላችሁ። የተማረው ሰው ፍሪሲዮን ቀይሮ ያውቃል? እናንተ ታውቃላችሁ፤ ታዲያ ማን ማንን ይፍራ?

መለኪያው ቀላል ነው። ትርጉሙን ለአንድ ሾፌርና ለአንድ መካኒክ ስጡ፤ ጮክ ብለው ያንብቡት፣ ምን እንደሚያደርጉ በእጃቸው ያሳዩ። እጃቸው ወደተሳሳተው ዕቃ ከሄደ የተሳሳተው ተርጓሚው ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ፣ መካኒክ ያልፈረመበት መመሪያ አይታተም። ታትሞ ከመጣም አትቀበሉት፤ መልሱት።