ከሰርጓጅ መርከብ እስከ ፕሬዚዳንት መንበር፦ ጂሚ ካርተርና የኑክሊየር ኃይል ክርክር

መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ በሳስኩዌሃና ወንዝ መካከል በምትገኘው የስሪ ማይል ደሴት በተተከለው የኑክሊየር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሁለተኛ ክፍል የውሃ ፓምፖች ሥራ አቆሙ። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ እንደ ደንቡ ተከፈተ፤ ግፊቱ ሲወርድ ግን መዘጋት ሲገባው ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለችው ትንሽ መብራት ቫልቩ የተዘጋ አስመስላ አሳየች። መብራቷ ታመለክት የነበረው ቫልቩ መዘጋቱን ሳይሆን፣ እንዲዘጋ ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነበር። የትእዛዝ መተላለፍና የትእዛዝ መፈጸም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሠራዊት ውስጥ ያገለገለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቫልቩ ከሁለት ሰዓት በላይ ተከፍቶ ቆየ። የሪአክተሩን እምብርት የሚያቀዘቅዘው ውሃ በዚያ በኩል ሲያመልጥ፣ ተረኞቹ ሠራተኞች ውሃው ከልክ በላይ የበዛ መስሏቸው ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀውን ተጨማሪ ውሃ ቀነሱት። ከመቶ የሚበልጡ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች በአንድ ጊዜ ይጮኹ ስለ ነበር የትኛው ዋነኛ፣ የትኛው ተከታይ እንደ ሆነ ለመለየት አልተቻለም። ከእምብርቱ ግማሽ ያህሉ መቅለጡ በእርግጠኝነት የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

በዚያ ሳምንት በዋሽንግተን የፕሬዚዳንትነቱን መንበር የያዙት ጂሚ ካርተር ነበሩ። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መካከል በተበላሸ የአቶም ሪአክተር ውስጥ በገዛ እጃቸው ብሎን የፈቱ እርሳቸው ብቻ ናቸው። የጦር ሰው ወደ ፖለቲካ ሲሻገር ከሠራዊቱ ያገኘውን ዕውቀት ምን ያደርግበታል? ሕዝብ በሚፈራውና ባለሙያ ብቻ በሚያውቀው ጉዳይ ላይስ የመጨረሻው ውሳኔ የማን ነው? የካርተር ታሪክ እነዚህን ጥያቄዎች በሚገባ ለመመርመር ያስችላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርተር በ1924 በጆርጂያ ግዛት ፕሌንስ በተባለች የገጠር ከተማ ተወለዱ። በ1946 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመርቀው በሰርጓጅ መርከብ ክፍል አገለገሉ። በ1952 በሃይማን ሪኮቨር መሪነት ይካሄድ ወደ ነበረው የኑክሊየር ሰርጓጅ መርከቦች ፕሮግራም ለመግባት አመለከቱ። ከፖላንድ የተሰደደ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ የነበሩት ሪኮቨር እያንዳንዱን መኮንን ራሳቸው እየጠየቁ የሚመርጡ፣ ከበታች እስከ በላይ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ካርተርን በአካዳሚ ሳሉ የተቻላቸውን ሁሉ አድርገው እንደ ሆነ ሲጠይቋቸው፣ ወጣቱ መኮንን አመንትተው፣ ሁልጊዜ እንዳላደረጉ አመኑ። ሪኮቨር ለምን ብለው ጠይቀው ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ። ካርተር በ1975 ለምርጫ ሲዘጋጁ ላሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ርእስ ያደረጉት ይህንኑ ጥያቄ ነበር።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 12 ቀን በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ አገር፣ በቾክ ሪቨር የምርምር ጣቢያ የነበረው ሪአክተር ተበላሸ። መነሻው እዚያም ያለ አግባብ የተከፈቱ ቫልቮችና በስልክ የተላለፈ የተሳሳተ ትእዛዝ ነበሩ። በጨረር የተበከለ ከ4 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ የሕንጻውን ምድር ቤት ሞላው። ሪአክተሩን ለመፍታት ከተላኩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰዎች መካከል በ28 ዓመታቸው ሌፍተናንት የነበሩት ካርተር አንዱ ነበሩ፤ የቡድናቸውም አለቃ ነበሩ።

የሥራው አፈጻጸም ለወታደር አንባቢ ትኩረት የሚስብ ነው። በአቅራቢያው በነበረ የቴኒስ ሜዳ ላይ የሪአክተሩ አምሳያ ተሠራ። ሰዎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በአምሳያው ላይ ተለማመዱ፤ ከዚያ መከላከያ ልብስ ለብሰው ወደ እውነተኛው ወረዱ። ከጨረሩ ብዛት የተነሣ አንድ ሰው ውስጥ ሊቆይ የሚችለው ለ90 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። አንድ ብሎን ከእውነተኛው ላይ በተፈታ ቁጥር፣ ቀጣዩ ተረኛ ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ፣ ያው ብሎን ከአምሳያውም ላይ ይፈታ ነበር። ካርተር ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ከዚያ ሥራ በኋላ ለስድስት ወራት ሽንታቸው ጨረር ይታይበት ነበር። አባታቸው በ1953 ሲሞቱ ከባሕር ኃይል ተሰናብተው ወደ ኦቾሎኒ እርሻቸው ተመለሱ። ከዚያ በጆርጂያ ሴኔት፣ ቀጥሎ በገዥነት፣ በመጨረሻም በጃንዋሪ 1977 በፕሬዚዳንትነት ተቀመጡ።

የካርተርን ስም የአገራችን ወታደር በመልካም ብቻ እንደማያነሣው የታወቀ ነው። አስተዳደራቸው በፌብሩዋሪ 1977 በሰብአዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ መቀነሱን ሲያስታውቅ፣ የሶማሊያ ወረራ የቀረው ወራት ብቻ ነበር። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ደግሞ በ1989 በአትላንታና በናይሮቢ የኢትዮጵያ መንግሥትና የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ያደረጉትን ድርድር አስተናግደዋል፤ ድርጅታቸውም በአገራችን የጊኒ ዎርምንና የዓይን ማዝን በሽታ ለማጥፋት ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የሚያነሣው ሰውየውን ለማወደስም ለመክሰስም ተነሥቶ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

ካርተር የአቶምን ኃይል በቅርብ የሚያውቁ መሆናቸው የኢንዱስትሪው ጠበቃ አላደረጋቸውም። በ1976 የምርጫ ዘመቻ የኑክሊየር ኃይል ሌላው አማራጭ ሁሉ ሲያልቅ የሚሠራበት የመጨረሻ መጠጊያ መሆን አለበት ሲሉ ተናግረዋል። በኤፕሪል 1977 ደግሞ ያገለገለው የሪአክተር ነዳጅ ለንግድ ዓላማ እየተጣራ ፕሉቶኒየም እንዳይወጣበት ላልተወሰነ ጊዜ አገዱ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በሜይ 1974 ሕንድ የኑክሊየር ፍንዳታ ሙከራ ያደረገችው ለሰላማዊ ምርምር በተባለ ሪአክተር ከተገኘ ፕሉቶኒየም ነበር። ከሚነደው የበለጠ ነዳጅ ይወልዳል የተባለውን የክሊንች ሪቨር ሪአክተርም ለማስቆም ተነሡ፤ የመጀመሪያው የውድቅ ሥልጣናቸው የዋለው በዚህ ጉዳይ ላይ ነበር። ኮንግረሱ ግን በጀቱን መስጠቱን ቀጠለ፤ ፕሮጀክቱ የሞተው በ1983 ካርተር ከሄዱ በኋላ ነው። ፈረንሳይና ብሪታኒያ ነዳጁን ማጣራታቸውን አላቆሙም። ተተኪያቸው ሬገንም እገዳውን በ1981 አነሡ፤ ሆኖም የንግድ ማጣሪያ ልክፈት ብሎ የገፋበት ኩባንያ አልተገኘም፤ አያዋጣምና። የካርተር እገዳ የሥነ ምግባር አርአያ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ በመጨረሻ የጸናው ግን በሂሳብ ነው።

በዚህ ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ ክርክሩ ጦፎ ነበር። በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ ከናረ ወዲህ፣ ደጋፊዎቹ አገር በባዕድ ዘይት ከመታሰርና በድንጋይ ከሰል ጭስ ከመታፈን አቶም ይሻላል ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ዝቃጩ የት ይቀበራል ብለው ጠየቁ፤ በሜይ 1977 በኒው ሃምፕሺር ግዛት በሲብሩክ ማመንጫ ግንባታ ላይ በተደረገው ተቃውሞ ከ1,400 በላይ ሰዎች ታሰሩ። በማርች 1975 በአላባማ ግዛት በብራውንስ ፌሪ ማመንጫ የአየር ማፍሰሻ ቀዳዳ በሻማ ሲፈልግ የነበረ ሠራተኛ ያስነሣው ቃጠሎ የመቆጣጠሪያ ገመዶችን አጋይቷል። አቶምን የሚያህል ኃይል በሻማ ሲፈተሽ የሰማ ሕዝብ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ወደ ስሪ ማይል ደሴት ስንመለስ፣ እንደዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በማስታወቂያ ሥራ ላይ ለተሠማራ ሰው ትልቁ ትምህርት ያለው ከፍንጣቂው ይልቅ በወሬው ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኩባንያው አደጋው ቀላል መሆኑን ገለጸ። የግዛቱ ምክትል ገዥ ይህንኑ ለሕዝብ ካስተላለፉ በኋላ በዚያው ዕለት ተመልሰው ኩባንያው የተሟላ መረጃ እንዳልሰጣቸው ተናገሩ። በሦስተኛው ቀን ከጭስ ማውጫው በላይ በአየር ላይ የተለካ የጨረር መጠን፣ ከማመንጫው ውጭ በሕዝብ መካከል የተለካ ተደርጎ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተወሰደ። ገዥው ዲክ ቶርንበርግ በአምስት ማይል ክልል ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት እንዲወጡ መከሩ፤ 140,000 ያህል ሰው ቀዬውን ለቀቀ። በዚህ ላይ በሪአክተሩ ውስጥ የተጠራቀመው የሃይድሮጅን ጋዝ ይፈነዳል የሚል ወሬ ተጨመረ። ስሌቱ የተሳሳተ እንደ ነበር በኋላ ተረጋገጠ፤ ለፍንዳታ የሚያስፈልገው ኦክስጅን በውስጡ አልነበረም።

እንዲህ ባለ ሰዓት ሕዝብን የሚያሸብረው የመረጃ ማነስ ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚጋጭ መረጃ ከማነሱ የከፋ ነው። ካርተር ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር ሃሮልድ ዴንተን የተባሉትን መሐንዲስ በግል ወኪልነት ወደ ቦታው መላክና፣ ስለ ሪአክተሩ ሁኔታ መግለጫ የሚሰጠው ከእርሳቸው አንደበት ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነበር። አንድ ግንባር፣ አንድ ቃል አቀባይ። ዴንተን የማያውቁትን አላውቅም እያሉ በዝግታ ማስረዳታቸው ሕዝቡን አረጋጋው።

ኤፕሪል 1 ቀን ካርተር ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር ቢጫ የጫማ ልባስ አጥልቀው በመቆጣጠሪያው ክፍል ገቡ። የሃይድሮጅኑ ጉዳይ በባለሙያዎች መካከል ገና ክርክሩ አልተቋጨም ነበር። ጉብኝቱን ለታይታ የተደረገ ነው ያሉ ነበሩ፤ ይህ አስተያየት ግን ሚዛን የጎደለው ይመስለኛል። ቾክ ሪቨር የወረደ ሰው የሚገባበትን ስፍራና የሚቀበለውን ጨረር መጠን አስቦ ይገባል። ሕዝቡም መሪው ሚስቱን ይዞ ሲገባ አይቶ አንዳች ነገር ተረድቷል።

ከዚህ በኋላ ካርተር የዳርትማውዝ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በነበሩት በጆን ኬሜኒ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በኦክቶበር 1979 ባቀረበው ሪፖርት የችግሩ ሥር ከመሣሪያው ይልቅ ሰው፣ ሥልጠናውና ድርጅቱ መሆናቸውን ገለጸ። ከሁሉ የከፋው የሚከተለው ነው። በሴፕቴምበር 1977 በኦሃዮ በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ያው ዓይነት ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ሠራተኞቹም ያንኑ ስሕተት ፈጽመው ነበር። አደጋው ሳይባባስ ተደረሰበት፤ ማስጠንቀቂያው ግን በወረቀት ላይ ቀርቶ ለሌሎቹ ማመንጫዎች ተረኞች አልደረሰም። ከግንባር የመጣ የስለላ ሪፖርት በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ሲተኛ ጦር ይመታል፤ በዚህም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሌላም የሚጤን ነገር አለ። በዚያች ሌሊት ተረኛ የነበሩት አራቱ ሠራተኞች በባሕር ኃይል የኑክሊየር መርከቦች ያገለገሉ፣ ከሪኮቨር ትምህርት ቤት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ የቀድሞ ወታደር መቅጠር የወታደርን ዲሲፕሊን መቅጠር አይደለም። ሪኮቨር በ1979 ለኮንግረሱ በሰጡት ምስክርነት እንዳስረዱት፣ የባሕር ኃይሉ ደኅንነት የጸናው በማያቋርጥ ሥልጠና፣ በጥብቅ ቁጥጥርና እያንዳንዱ ሰው በግሉ በሚሸከመው ኃላፊነት ላይ ነበር። ትርፍን አስቀድሞ የሚያስብ ኩባንያ ሰዎቹን ወሰደ፤ ሥርዓቱን ግን አልወሰደም።

በሜይ 1979 ብዙ ሺህ ሰዎች በዋሽንግተን ተሰልፈው ማመንጫዎቹ ሁሉ እንዲዘጉ ጠየቁ። ካርተር ግን የኬሜኒን ሪፖርት ተቀብለው የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን ሊቀ መንበር ቀየሩ እንጂ በሩን አልዘጉም። ሁለቱም ወገን ተከፋ። በእኔ ግምት ግን የፕሬዚዳንቱ ድክመት የነበረው በውሳኔው ላይ ሳይሆን በማስረዳቱ ላይ ነው። ሪአክተር ውስጥ የወረደ ሰው ለሕዝቡ አደጋው ይህን ያህል ነው፣ ጥቅሙም ይህን ያህል ነው ብሎ በግልጽ ሊያስተምር ይችል ነበር። የአካባቢው ሕዝብ በአማካይ የተቀበለው ጨረር ለደረት ራጅ ከሚሰጠው ያነሰ እንደ ነበር ዛሬም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ከ1984 ጀምሮ በኩበርግ ታመነጫለች፤ ግብፅ በ2022 በኤል ዳባ የአራት ሪአክተሮች ግንባታ ጀምራለች። ኢትዮጵያም ከሩሲያ ጋር በ2019 የትብብር ስምምነት ፈርማ፣ የሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት በሴፕቴምበር 2025 በሞስኮ የማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ተርባይኑን ማን ይገዛልናል ከሚለው በፊት፣ በሌሊት ተረኛ የሚሆነውን ልጅ ማን ያሠለጥነዋል፣ ሲሳሳትስ ለማን ይናገራል የሚለው በአደባባይ ሊነሣ ይገባዋል።

ካርተር በዲሴምበር 2024 በመቶ ዓመታቸው አርፈዋል። በዚያው ዓመት በተወለዱበት በጆርጂያ የቮግትል ማመንጫ አራተኛው ሪአክተር ሥራ ጀመረ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅተዋል። ከአሜሪካ ሪአክተሮች የወጣው ወደ 90,000 ቶን የሚጠጋ ያገለገለ ነዳጅ ቋሚ መቀበሪያ ሳያገኝ በየማመንጫው ግቢ ተከማችቷል። በስሪ ማይል ደሴት በ2019 አያዋጣም ተብሎ የተዘጋው አንደኛው ክፍል፣ ለማይክሮሶፍት ኩባንያ ኤሌክትሪክ እንዲያቀርብ ዳግም ሊከፈት መሆኑ በ2024 ተነግሯል። አጠገቡ ያለው ሁለተኛው ክፍል ግን ከዚያች የማርች ሌሊት ወዲህ አንድ አምፖል እንኳ አላበራም።